የጀልባ መዥገር

የወጣሁ ለት፣ መግሪብ እንደተሰገደ፣ እናቴ ሦስት ነገር አሸከመችኝ፤ የማሽላ ቂጣ፣ ምክር፣ አንድ ጥቅል የደረቀ የትምባሆ ቅጠል። ቂጣው አዋሽን ሳልሻገር አለቀ። ምክሩን ምን ልዋሻችሁ፣ የመንደራችንን አጥር ሳላልፍ ረሳሁት። ትምባሆው ግን ጅቡቲ ድረስ አብሮኝ ገባ፤ መሳቂያ ያደረገኝም ያተረፈኝም እሱ ነው።

ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚለቅምበት ጊዜ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጧት መጥቶ፣ «እትዬ ዘሃራ፣ ነገ ሁሴንን ይዘውት ይምጡ» አላት። እናቴም «እሺ ልጄ፣ ከብቶቹን ውሃ አጠጥቶ ይምጣ» አለችው። እኔም ከብት ላጠጣ ብዬ ወጣሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ እያጠጣሁ ነው። ወደ ምሥራቅ ለሚወርዱ የግመል ነጋዴዎች አደራ ስትሰጠኝ ትምባሆውን ብብቴ ሥር ወሽቃ፣ «ለእባብም ለመዥገርም ይሆንሃል። መዥገር ደግሞ በግድ እንዳትነቅል፤ ጭንቅላቱ ይቀራል» አለችኝ። ከልጇ ይልቅ የመዥገሩ ጭንቅላት ያሳሰባት መስላ ነው የተሰናበተችኝ። ዞር ስል ግን በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት፤ እኔም ግመሎቹ መሀል ገብቼ አለቀስኩ።

ሸዋ ሮቢት ሞቃት ነው የምትሉ ሁሉ ጅቡቲን አይታችሁ ተናገሩ። የኛ ሙቀት ሲመሽ ከደብረ ሲና በሚወርደው ነፋስ ይታረቃል። የጅቡቲው አብሯችሁ ያድራል፣ ጧትም ቀድሟችሁ ይነሣል። የተከራየሁት ቤት በቆርቆሮና በካርቶን የተሠራ ሲሆን ባለቤቷ የባቲ ሰው ናቸው፤ እትዬ ሩቅያ ይባላሉ።

«እትዬ፣ ቤቱ በር የለውም» አልኳቸው።

«በር ያለው ቤት ሌባ ይጠራል።»

«ጣራውም እኮ ግማሽ ነው።»

«አንተስ ሙሉ ሰው ነህ? ወረቀት የለህ!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ብዙም ሳልቆይ ገበያ ላይ አንድ ፖሊስ ያዘኝ። «ፓፒዬ!» አለኝ፤ እነሱ ወረቀት የሚሉት እንዲህ ነው።

«ጠፋብኝ» አልኩት።

«መች ነበረህና ነው የሚጠፋብህ?» አለኝ በጥሩ አማርኛ። ድሬዳዋ ነው ያደገው። «እሺ፣ ሰውስ አለህ?»

«እናት አለችኝ።»

«እዚህ ነው የምልህ! ‹ይህ ሰው የኔ ነው› የሚል አሠሪ እስከ ሐሙስ አምጣ። ካልሆነ በባቡሩ ትመለሳለህ።»

ባቡሩ ድሬዳዋ ያወርደኛል፤ ከድሬዳዋ ወደ ጦር ሰፈር፣ ከጦር ሰፈር ወደ ግንባር መሄጃው አያስቸግርም። ከመንደራችን የሄዱት እነማን እንደተመለሱ አውቃለሁ። እያለቀስኩ እትዬ ሩቅያ ዘንድ ስደርስ፣ ሰድበውኝ ሲያበቁ እጄን ይዘው ወደብ ወሰዱኝና አንድ የመናዊ የጀልባ አዛዥ ፊት አቆሙኝ። አዛዥ በነሱ አፍ ናኹዳ ይባላል። ናኹዳ ሷሊህ አሰብ ብዙ ዓመት ስለኖረ አማርኛ ይችላል፤ ብቻ ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው።

«ጀልባዬን ካጸዳሽልኝ ፖሊሱን እኔ አናግረዋለሁ» አለኝ። «ካላጸዳሽልኝ ባቡሩ ድረስ እሸኝሻለሁ።»

ጀልባዋ ሳምቡክ የምትባል ትልቅ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ ሞተር አላት። ባሕሩ በየቀኑ ይሸሻል፣ ይመለሳል፤ ሲሸሽ ጭቃው ላይ ትቀርና እንዳትወድቅ ግራና ቀኝ በግንድ ትደገፋለች። ሐሙስ ጧት ሆዷን ሳየው ሰቀጠጠኝ። አረንጓዴ ሣር እንደ ፍየል ጢም ተንጠልጥሎባታል። ከሣሩ ሥር ደግሞ ጣት የሚቆርጡ ነጫጭ ነገሮች አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቀዋል። ሞተሩ የሚያዞረው ፕሮፔለር ከነዘንጉ በነሱ ተሸፍኖ የብረት መልክ የለውም።

«ድንጋይ እንዳይመስልሽ፣ ነፍስ አለው» አለ ናኹዳው። «ትንሽ ሆኖ በውሃ ይመጣል፣ እንጨት ላይ ይጣበቃል፣ እዚያው ያድጋል፣ ይዋለዳል። ጀልባዬን ያከብዳታል፤ ነዳጄን ይጨርሳል።»

«መዥገር ነው በሉኛ!» አልኩት። ደስ አለኝ፤ በዚያ ሁሉ ባዕድ አገር የማውቀው ነገር ተገኘ።

መፋቂያ ብረት ሰጠኝ። «ከፕሮፔለሩ ጀምሪ፤ ከዚያ ሁለቱን ጎን። ዙህር ላይ፣ በቀትር፣ ውሃው ይመለሳል።»

«አይስጉ ናኹዳ፣ ወንዝ ዳር ነው ያደግሁት። ሲመጣ እሰማዋለሁ።»

እሱና ባሕረኞቹ ወደ የመን የሚጭኗቸውን ፍየሎች ሊያመጡ ሄዱ።

እኔም ፕሮፔለሩን ፈርቼ በቀኝ ጎን ጀመርኩ። ክንዴ እስኪዝል ፋቅሁ። ስጨርስ ትንሽ ራቅ ብዬ ባየው፣ እያንዳንዱ መዥገር የነበረበት ቦታ ነጭ ክብ ነገር ተጣብቆ ቀርቷል። በቃ፣ ጭንቅላታቸው ቀርቷል! ናኹዳው ይህን ካየ እንኳን ዋስ ሊሆነኝ በገዛ እጁ ነው ለፖሊስ የሚሰጠኝ። የእናቴ ምክር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ትምባሆዬን አወጣሁ፣ በጣሳ ውሃ ዘፈዘፍኩ፣ ግራውን ጎንና ፕሮፔለሩን ደህና አድርጌ ቀባሁ። ከዚያም በኛ በይፋት ወግ ጥላ ሥር ተቀመጥኩ። መዥገር ትምባሆ ከተቀባ በኋላ አይጣደፉትም፤ ራሱ ሰክሮ እስኪወድቅ ይጠበቃል።

እናንተ የሮቢ ወንዝ ልጆች ታውቁታላችሁ። ቆላው ደርቆ ሳለ ከላይ ጣርማ በር ተራራ ላይ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ወንዙ ከሩቅ ይጓራል፣ ያን ጊዜ ከብትህንም ልጅህንም ይዘህ ዳገት ትወጣለህ። ጎርፍ ሳያስጠነቅቅ አይመጣም። እኔም ጆሮዬን አቅንቼ ስጠብቅ እግሬ ረጠበ። ቀና ብዬ ተራራውን ባየው ደመና የለም። ባዳምጥ ምንም የለም። ውሃ ያለ ድምፅ ሲመጣ አይቼ ስለማላውቅ፣ ይሄ የመጣ ውሃ አይደለም ብዬ ደመደምኩ። ጉልበቴ ሲደርስም ሐሳቤን አልለወጥኩም። ወገቤ ሲደርስ ግንዶቹ አንድ በአንድ እየተንሳፈፉ ሄዱ፤ ጀልባዋ ተነቃነቀችና ከነመዥገሮቿ ተነሣች። አንድም አልወደቀም። እንደውም ውሃቸው ስለመጣላቸው ደስ ያላቸው መሰለኝ። ዋና ስለማልችል የመልሕቁን ገመድ ይዤ ቢስሚላሂ እያልኩ ተንጠላጠልኩ።

ናኹዳው ፍየሎቹን እየነዳ ሲደርስ ያየው ይህንን ነው። ካጠገቡ ደግሞ ያ ፖሊስ መጥቶ ቆሟል፤ ቀኑ ሐሙስ ነዋ።

«ምን አደረግሽ?» ሲል ናኹዳው ጮኸ።

«ጭንቅላታቸው እንዳይቀር ትምባሆ ቀብቻቸው ነው!» አልኩ ከገመዱ ላይ።

ናኹዳው ጥምጣሙን አውልቆ አሸዋው ላይ ወረወረ። ፖሊሱ እኔን እያመለከተ፣ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» አለው።

«ይህቺ ሰው የኔ ናት!» አለ ናኹዳው፣ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ። «ማንም አይነካትም! ጀልባዬን በግማሽ ላጭታ፣ ግማሹን ትምባሆ አጠጥታብኛለች! ፍየሎቹ ዛሬ መጫን አለባቸው። የመን፣ ሞኻ ወደብ ወስጄ የቀረውን በጥርሷ ነው የማስፍቃት!»

ፖሊሱ ትንሽ አሰበና፣ «ዋስ አገኘህ» ብሎኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ጣፋጭ ስድብ ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

በዚያው ቀን ባሕሩን ተሻገርን። ባልተፋቀው ጎኗ ምክንያት ጀልባዋ ወደ ግራ ወደ ግራ ትጎትት ነበር፤ መሪውን የያዘው ሰው ባቀናት ቁጥር ስሜን በዐረብኛ ያነሣል፣ ለምርቃት እንዳልሆነ ገብቶኛል። ፕሮፔለሩ ሲዞር ወለሉ ይርገበገባል። እኔ ፍየሎቹ መሀል ተቀምጬ ቀንዳቸውን እይዝላቸዋለሁ፤ እነሱም እኔም የባሕር ሰዎች አይደለንም። ሞኻ ስንደርስ ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቄ ግራውንም ፕሮፔለሩንም ፋቅሁ፤ በጥርሴ ሳይሆን በብረት። ነጩ ክብ የመዥገሩ ጭንቅላት ሳይሆን መቀመጫው ኖሯል፤ እሱም ለብቻው ይፋቃል። ከዚያ ኖራ በቀለጠ ሞራ ተለውሶ ይቀባል። ሞራው ሲቀልጥ ሽታው የአረፋን በዓል አመጣብኝ፤ መላው መንደር ያረደበትን ቀን። ናኹዳው ዓይኔን ስጠርግ አይቶ «ጭሱ ነው?» አለኝ፤ «አዎ ጭሱ ነው» አልኩት።

ይኸው እዚሁ ሞኻ ቀረሁ። ወደቡ ላይ ስሜ «አቡ ዱኻን» ነው፤ የትምባሆው አባት ማለት ነው። ዓሣ መብላት ለምጃለሁ፣ ማንጎ ባየሁ ቁጥር ግን ከኛው ጋር አወዳድሬ እተወዋለሁ። ያልለመድኩት አንድ ነገር የባሕሩ ዝምታ ነው። ይሄዳል፣ ይመጣል፣ አንድም ቀን አያስታውቅም።

ባለፈው ክረምት ለእናቴ በነጋዴ መልእክት ልኬ፣ በገበያ ቀን ሸዋ ሮቢት ቴሌፎን ቤት እንድትጠብቀኝ አደረግሁ። ድምፄን ከሰማች ዓመታት አልፈዋል።

«ሁሴን! ከብቶቹ ደህና ናቸው?» አለች እየጮኸች። አጠገቤ ሰው አለ፣ ለሊቀመንበሩ ያልኩትን አልለወጥኩም ማለቷ ነው።

«ደህና ናቸው እማዬ።»

«መዥገሩስ?»

«አለ። እየነቀልኩት ነው።»

«እንዳትነቅል አላልኩህም? ጭንቅላቱ ይቀራል!»

«ይቀራል እማዬ። ልክ ነሽ፣ ይቀራል።»

«መቼ ነው…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ከኋላዋ ሰዎች ሲጯጯሁ ሰማሁ።

«ምንድነው?»

«ሮቢ እየመጣ ነው። ጣርማ በር ሲያጉረመርም ነው የዋለው።»

ብዙ የምላት ነበረኝ፤ ይዤው የሄድኩትን ሁሉ ረስቼ፣ «እስቲ ሮቢን አሰሚኝ» አልኳት። ቴሌፎን ቤቱ ከወንዙ አይርቅም። መነጋገሪያውን ገመዱ እስከቻለ ድረስ ወደ መስኮቱ ስትዘረጋው ተንኮሻኮሸ። ቴሌፎነኛዋ ስትቆጣ ይሰማኛል፤ «እትዬ፣ ኧረ ይበጥሱታል! ጊዜዎ እያለቀ ነው፣ ይናገሩ እንጂ!»

«ዝም በይ» አለቻት እናቴ። «ልጄ እየሰማ ነው።»

እኔም መስመሩ እስኪቋረጥ ሰማሁ።