ጊንጂሮ ሞራው ላይ የተጋደመ ዕለት

ባሌ ጊንጂሮ ዕድሜውን የጨረሰው መርከብ በማውረድ ነው። መርከብ ተሠርታ ስታልቅ ተንሸራታ ባሕር የምትገባበትን የእንጨት መንገድ ሞራ የሚቀባውም፣ ደግፈው የያዟትን ምሰሶዎች የሚያስነቅለውም እሱ ነው። እጁ ወርቅ ነው፤ አፍ ግን አልፈጠረበትም። ሰው እግሩን ቢረግጠው ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው። ስንቴ አንጀቴን እንዳሳረረው እኔ ነኝ የማውቀው።

አምና ባሕር ኃይሉ ካዘዛቸው አዲስ ፈጣን የጦር መርከቦች የመጀመሪያዋ ስትወርድ፣ የባሕር ኃይሉ አዛዥ አድሚራሉ እያዩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ጉድ የሠራን አክብሮታችን ነው። የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ጠርገን ውሃ እንረጫለን፤ የሰፈሩ ሴቶች ማኅበር የመርከቧን መንገድ ሳይቀር ረጨው። በዚያ ብርድ ውሃው በረዶ ሆኖ ሞራውን አደረቀውና መርከቧ ተጣብቃ ቀረች። ሴቶቹን የወቀሰ የለም፤ ባሌን ግን «መርከብ አቁም» ብለው ስም አወጡለት።

ዘንድሮ የሁለተኛዋ፣ የእህት መርከቧ ተራ ደረሰ። «ይቺም ከቆመች ሥራዬን እለቃለሁ፤ ሰው ፊት አልወጣም» አለኝ። 

የምትወርድበት ዕለት ጠዋት፣ እንደ አምናው በብርዱ፣ ቁርሱን ይዤለት መርከቧ ጋ ስደርስ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር እትዬ ኮቶኤ ባለ ባልዲ ሴቶቻቸውን አስከትለው ከች አሉ።

«እትዬ ኮቶኤ፣ እባክዎ እዚህ ጋ አይርጩ» አላቸው ጊንጂሮ አጎንብሶ።

«አድሚራሉን አቧራ ይብላው ነው የምትለኝ? ደግሞ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው አፍ ያወጣኸው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ልመልስላቸው ስል ጊንጂሮ ለበዓሉ የተሰጠውን አዲስ ካፖርት እንደለበሰ ሄዶ ሞራው ላይ በጀርባው ተጋደመ።

«እንግዲያው መጀመሪያ እኔን ያርጥቡኝ።»

«አብደሃል? ተነስ፣ ልብስህ ተበላሸ።»

«ባልዲው ካልተመለሰ አልነሳም።»

እትዬ ኮቶኤ ወደ እኔ ዞሩ። «ኦሃማ፣ ባልሽን አንሺው እንጂ።»

«እኔ የተኛ ሰው አልቀሰቅስም» አልኳቸው። ደስታዬን የት ላድርገው። ባልዲዎቹ እንደሞሉ ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ጊንጂሮ ጀርባው በሞራ እንደተለቀለቀ ፊሽካውን ነፋ፤ ምሰሶዎቹ ተነቀሉ። አድሚራሉ የመጨረሻውን ገመድ በብር መጥረቢያ ቆረጡት። መርከቧ ትንሽ አቃሰተች።  ከዚያ ሄደች፤ ሞራው እየጨሰ፣ ለበዓሉ የተሰቀለው የወረቀት ኳስ ተከፍቶ ውስጡ የነበሩት ርግቦች እየበረሩ፣ ሰዉ እጁን ወደ ላይ አንስቶ በደስታ «ባንዛይ» እያለ ባሕሩ ውስጥ ገባች። እኔ አለቀስኩ።

መርከቧ ያስነሳችው ማዕበል ተመልሶ እንግዶቹ መቀመጫ ድረስ ወጣ። አድሚራሉም እትዬ ኮቶኤም እስከ ጉልበታቸው በሰበሱ።

ባሌ ፊታቸው ሄዶ ቆመ። አላጎነበሰም።

«እትዬ ኮቶኤ፣ ይኸው፣ ውሃው ተረጨ» አላቸው።