በክርስትና እናቴ ግቢ ያልፍ የነበረው መንገድ

ልደታ ውስጥ የኛ ሰፈር ቅያሶች አብዛኞቹ መውጫ አልነበራቸውም። የእኛ ግን ነበረው፤ በክርስትና እናቴ ግቢ አልፎ ወደ ተክለ ሃይማኖት ያወጣል። በሩ ቀን ቀን አይዘጋም። ገበያ የሚሄደውም፣ ለቀብር የሚወጣውም በዚያ ያልፋል። እናቴ እኔን ስታምጥ ታክሲ ድረስ የተወሰደችው በዚያው በር ነው። ደግፈው ያወጧት እሳቸው ነበሩ፤ ኋላም ክርስትና አነሱኝ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ ከግቢያቸው ጀርባ የነበረው ኮረኮንች ሰፍቶ አስፋልት ሆነ። ታክሲ ሊቀርበን ነው ብለን ሁላችንም ደስ አለን። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ በቆርቆሮ ተጠርቅሞ አገኘሁት።

"እማማ፣ እኔ ነኝ!" ብዬ ተጣራሁ።

"በአብነት በኩል ዙሪ ልጄ፣ ሱቅ እያሠራሁ ነው" አሉኝ ከውስጥ።

ጎረቤቱ አቤት ሲል ከቀበሌ ሰዎች መጡ። ሰፈሩ በሙሉ ደጁ ላይ ተሰበሰበ።

"እዚህ መተላለፊያ ነበር?" ሲሏቸው፣ "ኧረ በጭራሽ! ወዳጅ ዘመድ ሲመጣ እከፍታለሁ እንጂ መንገድ ሆኖ አያውቅም" አሉ።

እናቴ ወደ ፊት ወጣች። "አንቺ፣ ምጥ የያዘኝ ቀን በየት ነው ያወጣሽኝ?"

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ቀበሌ ሰዎቹ መለሱ። በግቢው ካርታ ላይም መንገድ ስላልነበረ ሰዎቹ ሄዱ።

ከሳምንት በኋላ ክርስትና እናቴ ቤታችን መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቁልፍ ፈትተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

"በጓሮ ትንሽ በር ትቻለሁ፤ አንቺና ልጅሽ እለፉ። ለሌላ ሰው ግን እንዳትናገሪ።"

"ጎረቤቶቼን ውጭ አቁሜ እኔ ተደብቄ ልለፍ?" አለች እናቴ።

"ላንቺ አስቤ እኮ ነው።"

"ለእኔ ብታስቢ ሰው ፊት አትዋሺም ነበር። ቁልፍሽን ውሰጂ።"

ወሰዱት። እናቴ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ በአብነት እየዞረች፣ መሐል ላይ ሰው ደጅ ቁጭ ብላ እያረፈች ቤተ ክርስቲያን መሳም ቀጠለች። እኔ ፊት እንኳ አላለቀሰችም፤ ግን ከቤታችን ግድግዳ ሁለቱ አብረው የተነሱት ፎቶግራፍ ወረደ።

ዓመታት ቆይቶ ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ የእኛም ቤት፣ የእሳቸውም ሱቆች ፈረሱ። እኛ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባን። ስለ ፈረሰው ቤት ሲነሳ እናቴ ብዙ አታማርርም፤ "ያፈረሱት የማያውቁን ሰዎች ናቸው" ትላለች። ክርስትና እናቴን ሠርጌ ላይ ልጥራቸው ብላት ግን እሺ አላለችኝም።