አጎቴ ያልወጡት ደረጃ

ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አጎቴ ባሕር ዳር፣ ቤታቸው ውስጥ ዐረፉ።

በተሽከርካሪ ወንበር ይሄዱ ነበር፤ ሰው እንዲሸከማቸው ግን አንድም ቀን አልፈቀዱም። አዲሱን መታወቂያ ልናወጣ ስንሄድ የአሻራው ማሽን ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለም። ጥበቃው ወንበራቸውን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

«አባባ፣ እኛም ልጆችዎ ነን፤ እናውጣዎት።»

«ልጄ ከሆንህ ማሽኑን አውርድልኝ። እሱ ከእኔ ይቀላል።»

ጥበቃው እየሣቀ ወጣ፤ ሲመለስ ግን አልሣቀም። «አይወርድም አሉ፣ አባባ።»

«እንግዲያ እጠብቃለሁ» አሉና ቢሮው እስኪዘጋ ፊታቸውን ወደ ጣና አዙረው ደረጃው ሥር ቆዩ።

የቢሮው ኃላፊ «እናስተካክላለን» አሉኝ፤ ጋዜጠኛ ነኝና ቃላቸውን በዜና ሠራሁት። ሦስት ጊዜ ተመልሰን ሄድን፤ ማሽኑም አልወረደ፣ እሳቸውም አልወጡ። በመጨረሻው ቀን «ለዛሬ ብቻ ይፍቀዱልን» ብዬ ለመንኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አንተም?» አሉኝ። ወንበራቸውን አዙሬ ወደ ቤት ገፋሁ።

መታወቂያውን ሳያገኙ ሞቱ። ሳሎን ውስጥ ወንበራቸው ይቆምበት የነበረውን ቦታ ሁላችንም ዞረን እናልፋለን፤ የሚረግጠው የለም።

ሐሙስ የሞት ምስክር ወረቀት ለማውጣት እዚያው ሕንፃ ሄድሁ። የሞት መመዝገቢያው ክፍል ከታች፣ ምድር ቤት ነው፤ መግቢያው ደረጃ የለውም።