ሁለት ዘፈን የሚያህል ዝምታ

በፍርድ ቤቱ ግቢ በስሟ የሚጠራት አልነበረም። ዳኞቹ ሳይቀሩ "ደወል" ይሏታል። ሥራዋ ችሎት ማስከበር ነው። ዳኞች ሲገቡ ሕዝቡን ታስነሣለች፣ ስልክ ታስጠፋለች፣ ምስክር ትጠራለች፤ ጉምጉምታው ሲበዛ ደግሞ ከበሩ ጎን ቆማ "ጸጥታ!" ትላለች። አጭርና ቀጭን ሴት ናት። ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እንጃ፣ ጥግ ላይ ተኝቶ የሚያንኮራፋውን ሳይቀር ያስበረግጋል።

"እዚያ ሰዉን ዝም ስታሰኚ ትውዪና የታፈነውን ወሬ ሁሉ አምጥተሽ እኔ ላይ ትደፊዋለሽ" ይላታል ባለቤቷ። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አፉ ይህን ይበል እንጂ የችሎቱን ውሎ ካልሰማ እራቱ አይወርድለትም።

በዚያ ዓመት ግን ስለ አንድ ጉዳይ ትንፍሽ አላለችለትም። የአራት ዓመት ልጅ የሞተበት ነበር። ተከሳሹ የልጁ እንጀራ አባት ነው፤ ብረት በያጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ፣ ዳኛ ሲያናግረው እጁን አጣምሮ የሚቆም ሰው። መምታቱን አልካደም። "ሽንቱ አመለጠው፤ ልቅጣው ብዬ መታሁት። እንዲሞት አልፈለግሁም" አለ። ዐቃቤ ሕጉ ሆን ብሎ ነው የገደለው ይላል። ጠበቃው ደግሞ ከልክ ያለፈ ቅጣት ነው፣ ቢበዛ ቸልተኛነት ነው ይላል። እንደ ዐቃቤ ሕጉ ከሆነ ሰውዬው ዕድሜውን እስር ቤት ይጨርሳል፤ እንደ ጠበቃው ከሆነ ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል።

ባለቤቷ ወሬውን ከሰፈር ለቃቅሞ መጣ።

"እኔ የምልሽ፣ ይሙት ብሎ ይሁን ሳያስብ፣ በምን ሊያውቁ ነው? ልቡ ውስጥ ገብተው ሊያዩ ነው?"

ደወል ስንት ዓመት ከበሩ ጎን ቆማ ዳኞች ስለ ሰው ሐሳብ ሲፈርዱ ሰምታለች። ከየት እንደሚያመጡት ግን ጠይቃ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ይገምታሉ ብላ ነበር የምታስበው።

ጉዳዩን ይበልጥ ያከበዱባት የልጁ አያት ናቸው። ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩ፣ የጣቶቻቸው ቆዳ በሳሙና የተበላ ሴት ናቸው። ችሎቱ ሳይከፈት ይመጡና ከፊተኛው አግዳሚ ወንበር በግራ በኩል ይቀመጣሉ። በቀኙ አግዳሚ ወንበር ልጃቸው፣ የሟቹ እናት፣ ባሏ ከታሰረ በኋላ የወለደችለትን ሕፃን ታቅፋ ትቀመጣለች። እናትና ልጅ አይነጋገሩም።

"እማማ፣ ለምንድን ነው አብራችሁ የማትቀመጡት?" አለቻቸው ደወል አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ።

"እሷ ባሏን ታምናለች፣ ልጄ። እጁ ከብዶበት ነው እንጂ አስቦ አይደለም ትላለች። ስንቅም ትወስድለታለች።" የሻርፓቸውን ጫፍ እንደ አንሶላ አጣጥፈው መልሰው ዘረጉት። "እኔ እሱ ቢታሰር ባይታሰር የልጅ ልጄ አይመለስልኝም። ግን ዳኞቹ ሳያስብ ነው ካሉ ትጠብቀዋለች። ሲወጣ ያቺን ሕፃን ይዛ ትገባለታለች። እሷም እኮ ነገ አራት ዓመት ይሞላታል።"

"አይዞዎት" አለች ደወል። ቃሉ ለራሷም ቀለለባት።

ምስክሮች ተሰሙ። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የልጁ ጎን ላይ ቀደም ሲል ተሰብሮ የዳነ አጥንት ማግኘቱን ተናገረ። ጉበቱ የተቀደደው ወለል ላይ ወድቆ ሳለ በተመታው ምት ነው አለ። "እንዲህ የተጎዳ ልጅ ይገረጣል፣ ያስታውካል፣ ይኮማተራል። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።" ቀጥላ ያኔ አጥንቱ ሲሰበር ያከመችው ነርስ ቀረበች። "ይዞት የመጣው ተከሳሹ ራሱ ነው። ሌላ እንዲህ ያለ ምት ካረፈበት ይሞትብሃል አልኩት። እሺ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ።"

መጨረሻ ላይ ከተከሳሹ ቤት ግድግዳ ወዲያ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ቆመች።

"ልጁ ሲያለቅስ ሰማሁ። ከዚያ ጸጥ አለ። ከዚያ ሬዲዮው ጮኸ።"

"ለምን ያህል ጊዜ?" አሏት ሰብሳቢ ዳኛዋ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚያዳምጡ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው።

"ሰዓት አላየሁም፣ እጄ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። አንድ ዘፈን አለቀ። ሌላም ተጀምሮ አለቀ። ከዚያ ባልዲ ይዞ ወጥቶ የወለወለበትን ውሃ ደፋ። ልጁን አቅፎ ታክሲ ጥሩልኝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።"

ጠበቃው ተነሣ። ወጣት ነው፤ ሥራውን ከልቡ የሚሠራ ልጅ። "ደንበኛዬ ደንግጦ ነበር። ሁሉም ነገር ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ነው ያለቀው። ደግሞስ ሊገድል የፈለገ ሰው ልጁን አቅፎ ሐኪም ቤት ይሮጣል?"

የደወል ልብ ወላወለ። እውነት ነው፣ አቅፎ ሮጧል። አያትየዋን አየቻቸው፤ ሻርፓቸውን ማጣጠፍ አቁመዋል።

ሰብሳቢ ዳኛዋ ከግራ ቀኝ ዳኞቻቸው ጋር ተንሾካሾኩ። ከዚያም "የሁለቱ ዘፈኖች ርዝመት ከሬዲዮ ጣቢያው በማስረጃ ቀርቧል፤ ተከላካይ ጠበቃውም አልተቃወመውም" አሉ። "ያን ያህል ዝም ብለን እንቀመጣለን። ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ የተባለው ምን ያህል እንደሆነ ሁላችንም እንወቀው።" ለደወል በአገጫቸው ምልክት ሰጧት።

"ጸጥታ!" አለች።

መጀመሪያ አንዱ ሳለ፣ አንዱ ወንበሩን አንቋቋ፣ ከኋላ ያሉት ተያይተው ፈገግ አሉ። ከዚያ ያም ቀረ። የጣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ብቻ ቀረ። ደወል አንዱ ዘፈን ሳያልቅ አልቀረም ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ግማሹ እንኳ አልሄደም። ያኔ በሐሳቧ ልጁ የተመታባት ክፍል ውስጥ ገባች። ልጁ ወለሉ ላይ ነው። ወደ በሩ ሄደች፣ ከፈተችው፣ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳች፣ መንገድ ወጥታ ታክሲ አስቆመች፣ ተመለሰች። ዝምታው ገና አላለቀም። ደግማ ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ጸጥታ ስትል የኖረች ሴት፣ ጸጥታ ይህን ያህል ቦታ እንዳለው አታውቅም ነበር። ጠበቃውም ሰዓቱን ማየት ትቶ እግሩ ሥር ያለውን ወለል ያይ ነበር።

ያኔ ሕፃኗ አለቀሰች።

ደወል እንደ ልማዷ እናቲቱን ልታስወጣ ተራመደች። ሰብሳቢ ዳኛዋ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተያት ማለታቸው ነው። ልቅሶው አዳራሹን ሞላው። እናትየዋ ልታባብል እጇን ወደ ሕፃኗ አፍ ሰደደች። ተከሳሹ፣ አንገቱን ሳያዞር፣ በዚያው ዝግ ባለ ትሑት ድምፁ፣

"ዝም አሰኙልኝ" አለ።

የሴትየዋ እጅ መንገድ ላይ ቀረ። የባሏን ጀርባ አየች። ደወል ብዙ ፊት አይታለች፤ ያን ዓይነት ግን አላየችም። አንድን ቃል ከዚህ በፊት የት እንደሰማችው ያስታወሰች ሰው ፊት ነበር። እጇን መለሰች። ሕፃኗ እንዳሻት አለቀሰች።

"በቃ" አሉ ሰብሳቢ ዳኛዋ።

ዐቃቤ ሕጉ ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ ተነሣ። "ተከሳሹ አሁን የተናገረው ይመዝገብልኝ!"

"አይመዘገብም። የተጨነቀ ሰው ዛሬ ከአፉ ያመለጠው ቃል ስለዚያ ቀን አያስረዳንም። ለዚያ ቀን የዚያን ቀን ማስረጃ አለን።"

ደወል ይህንን ስትሰማ ነው ይበልጥ የተደነቀችው። ሁሉም ሰምቷል። እሷ ብትሆን በዚያች አንዲት ቃል ሰቅላው ነበር። እኚህ ሴት ግን ሰምተው፣ እንደማንኛውም ሰው ዘግንኗቸው፣ አይ፣ ይህ የኔ አይደለም ብለው ወደ ጎን አስቀመጡት።

ለፍርድ በተቀጠረው ዕለት የሟቹ እናት በግራ በኩል፣ እናቷ አግዳሚ ላይ መጥታ ተቀመጠች። በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

ሰብሳቢ ዳኛዋ መነጽራቸውን አውርደው አነበቡ። "ተከሳሹ ልጁ እንዲሞት ተመኝቷል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘንም፤ ስለዚህ ተመኝቷል አንልም። ሌላ ምት እንደሚገድለው ግን ተነግሮታል። ይህን እያወቀ፣ ወለል ላይ የወደቀውን ልጅ መታ። ልጁ ዓይኑ እያየ ሲገረጣ ሬዲዮ ከፍ አደረገ፣ ወለል ወለወለ። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሩም ጎረቤቱም ነበሩ። ሊሞት እንደሚችል አውቆ፣ ከሞተም ይሙት ብሎ ቀጥሏል። ሕጉ ይህንንም የመግደል ሐሳብ ይለዋል። ኋላ አቅፎ መሮጡ እውነት ነው፤ በቅጣቱ ላይ እናየዋለን። ያለፈውን ግን አያጠፋም።" ሆን ብሎ በመግደል ጥፋተኛ ተባለ።

ደወል ጉምጉምታውን ልታስቆም አፏን ከፈተች፤ የሚጎመጉም አልነበረም። አያትየዋ አላለቀሱም። የሟቹ እናት ወደ እናቷ ሳታይ ሕፃኗን አንሥታ ባዶው ቦታ ላይ፣ ከእሳቸው ጭን አጠገብ አስቀመጠቻት። እሳቸውም ሻርፓቸውን ፈተው አለበሷት።

ማታ ባለቤቷ ሾርባውን እያማሰለ ጠበቃት።

"እህሳ፣ ልቡ ውስጥ ገቡ?"

"አልገቡም። እጁ የሠራውን አዩ፣ እጁ መሥራት ሲችል ያልሠራውንም አዩ። ከዚያ በማስረጃ ያልተረጋገጠውን ሁሉ ተዉለት። እኔ የማልተውለትን።"

ቀልድ ሊያመጣ አስቦ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ሕፃኗስ?"

"ከአያቷ ጋር ሄደች። እናቷም አብራ። ደረጃውን እስኪወርዱ ታለቅስ ነበር" አለች ደወል። "ማንም ዝም አላሰኛትም።"