የጄቱ ዋጋና የአምቡላንሱ ፍሪሲዮን

ቁጡ ነሽ ይሉኛል፤ ነኝ። ከጎጃም ተመድቤ ሰቆጣ ከመጣሁ አምስተኛ ዓመቴ ነው። የምሠራው በአንድ የጤና መሥሪያ ቤት የግዥ ክፍል ሲሆን፣ ከእስክሪብቶ ጀምሮ እስከ አምቡላንስ መለዋወጫ ድረስ የሚገዛው ሁሉ ወረቀቱ በእኔ እጅ ያልፋል። የግዥ ሠራተኛ እንጀራዋ ሦስት ፕሮፎርማ ነው። ከሦስት ነጋዴዎች የዋጋ ማቅረቢያ ትሰበስባለች፣ ታወዳድራለች፣ ዝቅተኛውን ትመርጣለች። ዕቃው በከተማው ውስጥ አንድ ሱቅ ብቻ ቢገኝም ሦስት አምጪ ትባላለች። ይህን መመሪያ ያወጣው ሰው ሰቆጣን በካርታ እንኳ ያያት አይመስለኝም።

ቢሮ የሚጋራኝ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ልበ ደግ ሰው ነው፤ ግን ጄት አንጎሉን ወስዶታል። ሁለት ጎረቤት አገሮች በሰማይ ተጋጥመው የቻይናው ተዋጊ ጄት ስሙ ከገነነ ወዲህ፣ ኔትወርክ ብቅ ባለ ቁጥር ስልኩ ላይ ሌላ ነገር የለም። ጄ-10 እንዲህ ይተኩሳል፤ ጄ-20ን ራዳር አያየውም፤ እሱን ግን ቻይናዎቹ ለውጭ አይሸጡትም፤ እያለ ሻዩ ይቀዘቅዝበታል። ድምፁን ቀንስልኝ እለዋለሁ። ሰቆጣ ውስጥ የጄት ድምፅ መጫወቻ አይደለም። የጽዳት ሠራተኛችን ያ ድምፅ ከስልክ ሲወጣ እንኳ መጥረጊያዋን ግድግዳ አስደግፋ ውጭ ትቆማለች።

አንድ ቀን፣ «ርካሽ እኮ ነው» አለኝ። «ከአሜሪካኑ ጋር ሲተያይ በነጻ ነው በይው።»

«ስንት ነው?»

«እሱ እንኳ በይፋ አይነገርም።»

ዋጋው የማይነገር ዕቃ ርካሽ ሲባል የሰማሁት ያን ቀን ነው። የሙያ እልህ ያዘኝና እኔም ማንበብ ጀመርኩ። እዚህ ጋ አንድ ዋጋ፣ እዚያ ጋ ሌላ ዋጋ፤ ሁሉም በአሥር ሚሊዮኖች ዶላር የሚጠራ ነው። አንዱ ሚሳይሉን ጨምሮ ይላል፣ ሌላው ባዶውን። የአብራሪው ሥልጠና፣ መለዋወጫው፣ ሞተሩ ሲያልቅ የሚተካው ሌላ ሞተር፣ ሁሉም ለየብቻው ይታሰባል። ሻጩ መንግሥት፣ ገዢው መንግሥት፤ ብድሩም ከዚያው ከሻጩ ሊመጣ ይችላል። ከፋዩ ሕዝብ ግን ደረሰኙን አያይም። በመጨረሻ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌ፣ «ለመሆኑ የዚህ ዕቃ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች የት አሉ?» አልኩት። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በዚያው ሰሞን ቆላ ያለ የአንድ ጤና ጣቢያ አምቡላንስ ፍሪሲዮኑ አልቆ ቆመ። ሜዳ ላይ ይንፏቀቃል፤ ዳገት ሲያይ ግን እምቢ ይላል። ዋግ ውስጥ ደግሞ ዳገት የሌለበት መንገድ አላውቅም። የንብረቱ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ እንደ ደንቡ ወጣና በማግስቱ ሦስት ፕሮፎርማ አመጣልኝ። ማኅተማቸው የተለያየ ነው። ጽሑፋቸው ግን የአንድ ሰው ነው፤ ሦስቱም ላይ ሰባት ቁጥር ወገቧ ላይ በአጭር መስመር ተሰርዛለች። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዕቃው ያለው ነጋዴ አንድ ነው፤ ሁለቱን ወረቀቶች ከወዳጆቹ በባዶው ማኅተም አስመትቶ ተቀብሎ ራሱ ሞልቷቸዋል። እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ሁሉም ያውቃል። ባሕር ዳር ደውዬ ዋጋውን ጠይቄ ነበር፣ ነጋዴው አንድ ብር አልጨመረም።

ሦስቱንም ውድቅ አደረግኳቸው። በቀይ እስክሪብቶ «በአንድ እጅ የተጻፉ በመሆናቸው ተቀባይነት የላቸውም» ብዬ ጻፍኩባቸውና መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩ። ሌላ ፕሮፎርማ ከወልድያ እንዲመጣ ደብዳቤ ወጣ። የወልድያ መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል።

አንድ ረፋድ ከዋጉ ዝቋላ በኩል የመጡ ሽማግሌ ቢሮአችን ገቡ። የመንደራቸው የቃሬዛ ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው፤ ታማሚና ወላድ ሲኖር ጎረቤት ተጠራርቶ በቃሬዛ እየተሸከመ መኪና እስከሚደርስበት ድረስ ያወርዳል። ልጃቸው ስምንት ወሯ ነው አሉኝ። የመጀመሪያ ልጇን በኦፕራሲዮን ስለወለደች፣ ይኸኛውን ሰቆጣ ሆስፒታል እንጂ ቤት እንዳትወልድ አዋላጇ አስጠንቅቃታለች።

«አስቀድመው ለምን አያመጧትም?» አልኳቸው። «ወላዶች የሚቆዩበት ቤት አለ እኮ።»

«ባሏ ለቀን ሥራ ሁመራ ወርዷል። ትንሿን ለማን ትተዋት? ፍየሉንስ ማን ይይ?» አሉና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መኪናው መቼ ይድናል ልጄ?»

«በቅርቡ ነው አባቴ። ሦስት ወረቀት እስኪሟላ ነው» ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ።

የንብረቱ ሰው ሊያጫውታቸው ፈልጎ ስልኩን አቀበላቸው። ጄቱ በደመና መሐል ይገለባበጣል።

«ይኼ ስንት ሰው ይጭናል?» አሉ።

«አንድ።»

«አስተኝቶ?»

«አስቀምጦ ነው አባቴ። አብራሪውን ብቻ።»

አብሯቸው ከመጣው ጎረቤታቸው ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እሱስ ሲሰበር ሦስት ወረቀት ይለቀምለታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሊነኩኝ ብለው አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

«አይመስለኝም» አልኳቸው፤ ደሜ ፈላ። እሳቸው ከወጡ በኋላ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ ስለ ቻይና ጄት ለፈለፍኩ። ገዢዎቹን ሰደብኩ፣ ሻጮቹን ሰደብኩ። ሦስቱ ወረቀቶች መሳቢያዬ ውስጥ ናቸው፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ቁጣዬን ሁሉ ጄቱ ላይ ጨርሼ ለራሴ ያስቀረሁት አልነበረም።

የወልድያው ወረቀት ሳይደርስ የሽማግሌውን ልጅ ምጥ ያዛት። ጤና ጣቢያው ደወለ፤ አምቡላንሱ እዚያው ቆሞ ነው፤ ሌላ መኪና ቢፈለግ በአካባቢው የለም። ጎረቤቶቿ ማለዳ ቃሬዛው ላይ አስረዋት ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ዳገቱን ጀመሩ። መንገዱን ሳይደርሱ፣ አንድ ግራር ሥር ሊቀያየሩ ባወረዷት ጊዜ ሞታ አገኟት። ልጁም በሆዷ ቀረ። ይህን የነገረኝ አዋላጇ ናት፣ በስልክ፣ እያለቀሰች።

በዚያው ሳምንት አንድ አገር ጄት ለመግዛት ተስማማ የሚል ዜና ስልኩ ላይ መጣ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ፈርመው ፈገግ ብለው ይጨባበጣሉ። ጽሑፉ የማን እጅ ነው ብሎ የሚጠይቃቸው አልነበረም። የንብረቱ ሰው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን አጠፋው።

ሽማግሌው ከአርባዋ በኋላ ራሳቸውን ተላጭተው መጡ። ወንበር እስኪቀርብላቸው አልጠበቁም።

«ለልጄ ብዬ አይደለም የመጣሁ» አሉ። «እሷስ ሄደች። የጎረቤቴ ሚስት ሰባት ወሯ ነው። መኪናውን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ቢረግሙኝ አሜን ብዬ እቀበል ነበር። የወልድያው ወረቀት አሁንም አልመጣም። መሳቢያውን ከፍቼ ሦስቱን ወረቀቶች አወጣሁ፤ የራሴን ቀይ ጽሑፍ ሰርዤ ከሥሩ ፈረምኩ። ፍሪሲዮኑ በሁለተኛው ቀን ተገጠመ። ሴትዮዋ ጊዜዋ ሲደርስ በዚያው አምቡላንስ መጥታ ሰቆጣ ወለደች።

ኦዲተሮች ሲመጡ ወረቀቶቹን ወዲያው አገኟቸው። በአንድ እጅ የተጻፉ፣ ተሰርዘው የተደለዙ፣ እንዴት ተቀባይነት አገኙ? በጽሑፍ መልሺ ተባልኩ። ቅጹ ላይ ለመልስ የተተወው ቦታ አምስት መስመር ነው። እኔ በአንደኛው መስመር ላይ «ሰባት ወሯ ስለነበረ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላ የምጨምረው አጣሁ። መልሱ ከጥያቄው ጋር አይገናኝም ተብሎ ተመለሰልኝ፤ ከደመወዜም ተቀጣሁ፤ ማስጠንቀቂያውም ከፋይሌ ጋር ተያይዟል።

በዚያ ማስጠንቀቂያ አልተናደድኩም። ያው ፋይል ውስጥ ከሱ በፊት የገባ ሌላ ወረቀት አለ፤ የምስጋና ደብዳቤ ነው። ሦስቱን ፕሮፎርማዎች በቀይ ጽፌ ውድቅ ስላደረግኩ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠኝ ነው። በስብሰባ ፊት ተነቦ ተጨብጭቦልኛል፤ እኔም ተነስቼ እጅ ነስቻለሁ።