አባቴ የአረር መቀቢያ ሲመርጥ

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ሲጮኽ ማን እንደሆነ ሳላይ አውቃለሁ። አባቴ ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ ሥራ አለሽ እንዴ?»

አለኝ ካልኩት «ከሰዓትስ?» ይላል። ከሰዓትም አለኝ ካልኩት ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ ከንግግሩ ይብሳል። ስለዚህ መኪናዬን አስነስቼ ወደ ወላጆቼ ቤት እሄዳለሁ። ያ ደረቅና ብርዳማ የደቡብ አፍሪካ፣ የጆበርግ ክረምት እንዲህ እየተጠራሁ አለፈ። ጉዳዩም አንድ ብቻ ነበር፦ አባቴ ጋራዡ ውስጥ እያቀለጠ የሚሠራውን አረር ልክ የሚያስይዝና ቅባት የሚቀባ መሣሪያ መምረጥ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳ። አባቴ ለብዙ ዓመታት ታውንሺፕ በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ስፓዛ፣ ማለትም ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነበረው። ሱቁ ሲዘረፍ የሪቮልቨር ሽጉጥ ፈቃድ ለማውጣት ወሰነ። ፈቃዱ ሥልጠና ይጠይቃል፤ ሥልጠናው ላይ ደግሞ ወረቀት ላይ የተሳለ ክብ መምታት እንደሚወድ አወቀ። ሱቁን ለእህቱ ልጅ አስረክቦ ጡረታ ሲወጣ፣ እኩዮቹ ቸርች ውስጥ የሽማግሌዎች ኮሚቴ ሲገቡ፣ እሱ የተኩስ ክለብ ገባ። እናቴ እስከ ዛሬ ለሰው ስትናገር «ስፖርት ጀምሯል» ብላ ታልፈዋለች።

ክለቡ ውስጥ አንድ ጓደኛ አገኘ። ጡረታ የወጣ የባቡር መካኒክ ነው፤ ሁሉም ሰው ኦም ይለዋል፣ በአፍሪካንስ አጎቴ እንደ ማለት ነው። አባቴም እኩያው ሆኖ ሳለ ኦም ይለዋል። አረር በቤት ማቅለጥ ያስተማረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቴ ዱርንፎንቴን ሰፈር ያሉ ጎማ ቤቶችን እየዞረ፣ ከጎማ ላይ የሚነቀሉትን የሚዛን እርሳሶች ይለቅማል፤ ጋራዡን ከፍቶ በጋዝ ምድጃ ያቀልጣል፤ ፎርማ ውስጥ ያፈሳል። የሚወጣው አረር የሚያብረቀርቅ፣ የሚያምር ነገር ነው። ችግሩ ሲተኮስ ነው። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ እየተላጠ ይጣበቃል፤ አባቴ በየሳምንቱ ከሰዓቱን ሙሉ በሽቦ ብሩሽ ሲፈገፍግ ይውላል።

«ያለ ዘይት እንቁላል ጠብሰሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ አንድ ቀን ብሩሹን እያሳየኝ። «እንደዚያ ነው። አረሩ ቅባት ይፈልጋል። ልኩም መስተካከል አለበት።»

«ታዲያ ቅባው።»

«በምን?»

መከራዬ የጀመረው በዚች ቃል ነው።

መንገዱ ሦስት ነበር። አንደኛው ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር ባለ እጀታ ማሽን ነው፤ እጀታውን ስትጎትቺው አረሩን የብረት ቀለበት ውስጥ ያስገባዋል፣ ልክ ያስይዘዋል፣ በዚያው ግራሶውን ወገቡ ላይ ባሉት ቦዮች ይሞላል። ሁለተኛው ትንሽ ቀለበት ነው፤ አባቴ ጥይት የሚገጣጥምበት ፕሬስ ላይ ይጠለቃል፣ አረሩ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ ቅባቱ ግን ለብቻው፣ ዕቃ ውስጥ ከፈሳሽ ቅባት ጋር እያንከባለሉ የሚቀባ ነው። ሦስተኛው የድሮ ሰው ዘዴ ነው፤ አረሮቹን መጥበሻ ላይ ማቆም፣ የቀለጠ ሰም ማፍሰስ፣ ሲረጋ አንድ በአንድ መንቀል።

ኦም ሰው የሚጠቀመው በመጀመሪያው እንጂ በሌላው አይደለም ባይ ነው። ክለቡ ውስጥ ያለ አንድ ወጣት መሐንዲስ ደግሞ በሁለተኛው ይምላል። አባቴ ሁለቱንም አዳምጦ ሁለቱም ልክ ናቸው ብሎ ይመጣል። ከዚያ እኔን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የአሜሪካ ሽማግሌዎች ኢንተርኔት ላይ ስለ አረር ሲጨቃጨቁ የጻፉትን እያስነበበ ያስተረጉመኛል። አባቴ ሀዲያ፣ እናቴ ወላይታ ናቸውና ቤታችን የሚጣላው በአማርኛ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚሁ ስላደግሁ አማርኛዬ የወጥ ቤትና የቸርች ነው። ስለ አረር ቦይ ቃል ከየት ላምጣ?

«ምን ይላል?» ይለኛል።

«ማሽኑ ጥሩ ነው ይላል፤ ግን በብርድ ግራሶው ስለሚደነድን ከሥሩ ማሞቂያ ይፈልጋል።»

«ማሞቂያ በኤሌክትሪክ ነው?»

«አዎ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«አባዬ፣ መብራት ሲጠፋ አትቀባ!»

«እሱስ ልክ ነሽ። እስቲ ሌላኛውን ደግሞ አንብቢልኝ።»

በዚህ መሃል፣ እስክወስን ድረስ ብሎ፣ ሦስተኛውን ዘዴ ሞከረ። እናቴ የሴቶች ጸሎት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ቦምቦሊኖ የምትጠብስበት ሰፊ መጥበሻ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ ቢጫ ሰም ረግቷል፤ ከሰሙ መሃል የአረር ጫፎች እንደ ዘር ብቅ ብቅ ብለዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ሰም ነው» አለ አባቴ።

«የቆመውስ?»

«እ… እሱ እንኳ የኔ ነው።»

እርሳስ መርዝ መሆኑን፣ ያ መጥበሻ ዳግመኛ ምግብ ሊነካ እንደማይገባ የነገርኳት እኔ ነኝ። ምነው አፌን በያዝኩት። እናቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ መኪናዬ ሄደችና የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ፎርድስበርግ ሄድን። አንድ የወጥ ቤት ዕቃ ሱቅ ውስጥ ከወለል እስከ ጣራ መጥበሻ ተደርድሯል። እናቴ አንዴ ቃኘች፣ አንዱን አነሳች፣ በጣቷ መታ አደረገችውና «ይሄ» አለች። አለቀ። አባቴ ሌላ መደርደሪያ አጠገብ የሁለት መጥበሻ እጀታ እያወዳደረ ነበር። ከፍለን ወጥተን ጠራነው።

መሣሪያ የሚሸጡበት ሱቅ ስንሄድ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ሻጩ ጺማም ወጣት ነው፤ አባቴን «ባባ» ይለዋል፣ ለማስረዳት ግን ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። አባቴ የማሽኑን እጀታ ይዞ ወደ ታች ይስባል፣ ወደ ላይ ይመልሳል፣ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ከዚያ ትንሹን ቀለበት አንስቶ በብርሃን ያያል። እንደገና ወደ እጀታው። ከኋላችን ሰው ይሰለፋል። እኔ ወለሉን አያለሁ።

«ባባ፣ ለእንዲህ ዓይነት ሪቮልቨር ሁሉም ሰው የሚወስደው ልክ ይሄ ነው» አለው ሻጩ ቀለበቱን እየጠቆመ። «ሳምንት በሳምንት እሸጣለሁ።»

«ሁሉም ሰው?»

«ሁሉም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ፣ አመሰገነ፣ ዕቃውን ቀስ ብሎ ቦታው መለሰና ወጣ። ባዶ እጁን! ከዚያ በፊትም እንዲሁ ነበር ያደረገው። መኪናው ውስጥ ገብቼ በሩን ስዘጋ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

«አባዬ፣ በእግዚአብሔር! ብረት እኮ ነው። ግዛውና እንሂድ። ሚስት አይደለም የምትመርጠው!»

«ሚስትማ አልመረጥኩም» አለ ቀበቶውን እያሰረ። «ከእናትሽ ጋር ወንድሟ ነው ያገናኘኝ።»

መሳቅ አልፈለግሁም፤ ተናድጃለሁ። እሱም አልሳቀም። ትንሽ ከሄድን በኋላ መስኮቱን እያየ ቀጠለ።

«ወደዚህ አገር የመጣሁት ደላላው ወደዚህ ስለሚሄድ ነው። ወደ ሌላ ቢሄድ ወደ ሌላ እሄድ ነበር። ቤሪያ የሚባለው ሰፈር ስገባ ወለሉ ላይ ቦታ የነበረው አንድ ክፍል ነው፤ እዚያ ተኛሁ። ሱቁም ሰውዬው ፈርቶ ጥሎት ሲሄድ ነው የወሰድኩት። የምሸጠውንም ጅምላ ነጋዴው ያለው ነው የሚሰጠኝ። ይሄን አንድ ዕቃ ተረጋግቼ ብመርጥ ምን አለበት?»

አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገር የበለጠ እናደዳለሁ። ንዴቴን የት ላድርሰው? ትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ስቆም ከኋላ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ነፋብኝ። እጄን አውጥቼ መለስኩለት። አባቴ «ተይ» አለኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክለቡ ሄድን። ኦም እንደ ወትሮው አጭር ቁምጣና ረጅም ካልሲ ለብሶ፣ በብርዱ፣ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። አባቴ ሻጩ ያለውን ነገረው፤ ሁሉም ሰው የሚወስደውን ልክ። እኔም ለኦም በእንግሊዝኛ አብራራሁለትና፣ እባክህ አንተ ወስንለት፣ እኔ ደክሞኛል አልኩት።

ኦም ለአባቴ መልስ ሳይሰጥ ጥያቄ ጠየቀ። «የሪቮልቨርህን ጉሮሮ ለክተሃል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ወደ አባቴ።

ኦም አባቴ ሪቮልቨሩን እንዲያራግፍ አደረገ፣ ባዶ መሆኑን ሁለቱም አዩ፣ ከዚያ ጥይት የሚጎርሰውን ክብ ክፍል አወጡት። ኦም ከራሱ ሣጥን አንድ የተቀባ አረር አነሳ፤ ሻጩ ባለው በዚያው ልክ የተስተካከለ ነው። ጉሮሮ በሚለው፣ በፊት በኩል ባለው ቀዳዳ ጣል አደረገው። አረሩ ሳይነካ፣ ሳይዘገይ፣ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ተንከባለለ። ሌላ ቀዳዳ ሞከረ፤ ያው ነው። ቀጥሎ የአባቴን፣ ገና ከፎርማ የወጣውን አረር ወሰደ። እሱ ቀዳዳው አፍ ላይ ቆመ፤ በአውራ ጣት ጠበቅ አድርጎ ሲገፋው ነው ያለፈው።

«አየህ?» አለ ኦም። «ያንተ ቀዳዳ ከሌላው ሰፋ ያለ ነው። ሱቁ የሚሰጥህን ብትገዛ አረሩን ታሳንሰዋለህ፤ እሳቱ በጎኑ እያመለጠ እርሳሱን ይልጠዋል። ከአሁኑ ይብስብህ ነበር። አንድ ደረጃ ሰፊውን እዘዝ።»

አባቴ ዞሮ አየኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ብሩማ ሐይቅን እስክናልፍ እንኳ አልታገሠም።

«ባለፈው ቸኩዬ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ…»

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«አንቺ እኮ ግዛውና እንሂድ ብለሽኝ ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩህ!»

«አይ፣ እንዲያው ነው የምለው።»

በመጨረሻ ትንሹን ቀለበት መረጠ፤ በሰፊው ልክ፣ በትእዛዝ የመጣ፣ ፕሬሱ ላይ የሚጠለቀውን፣ ከፈሳሽ ቅባት ጋር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አንድም ማሞቂያ ስለማይፈልግ፣ አንድም ኦም ያንን እጀታ ሲጎትት ትከሻውን ሲያመው ስላየ ነው አለኝ። ይህንን ሁለተኛውን ምክንያት ለኦም እንዳተረጉምለት አልፈቀደም። ኦም ያም ሆኖ ተቀየመ። «የአሻንጉሊት ዕቃ» አለውና ለጥቂት ሳምንታት አባቴን ሰላም የሚለው በአንገቱ ብቻ ሆነ። እናቴ ስትሰማ «ሁለት ሽማግሌ በጉሊት ቀለበት ተኳረፉ!» ብላ ቦምቦሊኖ ጠብሳ በእጄ ላከችለት። ኦም አንዱን ቆሞ በላ፣ የቀረውን በመሃረብ ጠቀለለ፣ ከዚያ አባቴ ወዳለበት ሄዶ ያንን የአሻንጉሊት ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳየው ጠየቀው።

አዲሶቹ አረሮች የተተኮሱበት ቀን ነፋሻማ ነበር። እኔ ጆሮ መከላከያ አድርጌ ከኋላ ቆሜያለሁ። አባቴ ሣጥኑን ተኩሶ ጨረሰ፣ ሪቮልቨሩን አራገፈ፣ ከዚያ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አንስቶ ከኋላ በኩል ውስጡን ለረጅም ጊዜ አየ።

«ነይ፣ ነይ! እይው!»

አየሁ። ውስጡ እንደ መስታወት ነው። አንዲት የእርሳስ ቅርፊት የለችበትም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴ ግን እንዳይታወቅብኝ ፊቴን አጨማደድኩ። አንዴ ካወቀብኝ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ሊያስነብበኝ ነው?

ከዚያ የዒላማውን ወረቀት ልናመጣ ሄድን። ቀዳዳዎቹ ከክቡ ውጪ፣ ከክቡ በላይ፣ አንዱም በወረቀቱ ማዕዘን ላይ ተበትነው ነበር፤ እንደ ድሮው።

«አባዬ፣ ይሄስ?»

ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ በጥንቃቄ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ። «እናትሽ ትጠብቀናለች፤ እንሂድ።»