ከደንገጎ የተደወለው ስልክ

ቄስ ወልደጻድቅ ድንኳኑ ፊት በተዘጋጀላቸው የክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ከተራራው መንቀል አቃታቸው። ድሬዳዋ ላይ አናት የሚበሳ ፀሐይ ነው፤ ከላይ ደጋው ላይ ወዳለው ደንገጎ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል።

ሰፈሩ የተሰበሰበው እሳቸውን ሊያመሰግን ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀድሰው፣ አስተምረው፣ የታረዘ አልብሰው በእርጅና ምክንያት አገልግሎት ካቆሙ ሁለት ዓመታቸው ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሳላቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዣንጥላቸውን ይዘው ደረቁ ወንዝ ዳር ይመላለሳሉ። አሸዋው ላይ የሚነግደውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ ኳስ የሚጫወተውን ሁሉ “ውጡ፣ ላይ ዘንቧል” እያሉ ያስወጣሉ። ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድ የደጋው ዝናብ ወንዙን ሞልቶ እንደሚመጣ ድሬ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ቶሎ ይረሳዋል እንጂ።

እሳቸው ለምን እንደማይረሱ ማንም አያውቅም፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሰርካዲስ እንኳ። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ትልቁ ጎርፍ በመጣበት ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ደንገጎ የሚኖረው ወዳጃቸው ቢሌ ደውሎ ነበር። “አቦ፣ እዚህ ሰማዩ ተቀዷል። ለወንዝ ዳር ሰዎች ንገር” አላቸው። ደክሟቸው ነበር። “እሺ” ብለው ተኙ። በማግስቱ ከጭቃው ከወጡት አስከሬኖች አንዱ የጎረቤታቸው የሃሊሞ ነበር። ልጇ ሳሕራ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ያቺው ሳሕራ ዛሬ ነርስ ሆናለች። ሰፈሩን ወክላ ጋቢ የምታለብሳቸውም እሷ ነች። ጋቢውን አጥፋ ይዛ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ፈገግ ባለችላቸው ቁጥር ዓይናቸውን ወደ ተራራው ይመልሳሉ።

ድንኳኑ የተተከለው ደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ነው፤ መንገዱ ጠበበ ተብሎ። ጠዋት ሌላ ቦታ እንዲተከል የእድሩን ዳኛ ሊበንን ለምነውት ነበር። “ለአንድ ሰዓት እኮ ነው አባታችን” አላቸው። ድግሱ የራሳቸው ስለሆነ መጨቃጨቁን አፍረው ተዉት።

ሊበን ማይክሮፎኑን ይዞ “እኚህ አባት ፍርሃት የሚባል አያውቁም” ሲል ኪሳቸው ውስጥ ስልካቸው ተንቀጠቀጠ።

“ወልዴ፣ ከባድ ነው” አለ ቢሌ። “የት ነህ?”

ስልኩን ዘግተው ተነሡ። “ተነሡ፣ እንውጣ፤ ላይ ዘንቧል” አሉ። ከኋላ ሳቅ ተነሣ።

“ዛሬ እንኳ ይረፉ” አለ አንዱ።

“ጋቢውን ይልበሱና እንነሣለን” አለ ሊበን።

ማይክሮፎኑን ተቀበሉት። ውሃውን ፈሩ። ሊናገሩት ያለውን ነገር ደግሞ ከውሃው ይበልጥ ፈሩት። “ያን ጊዜም ተደውሎልኝ ነበር” አሉ። “ንገር ተብዬ ዝም ብዬ ተኛሁ። ሃሊሞ የሞተችው እኔ ስለተኛሁ ነው። እባካችሁ ዛሬ ተነሡልኝ።”

ሳሕራ አየቻቸው፤ ፈገግታዋ ጠፍቷል። ከዚያ ጋቢውን ወንበር ላይ ጣለችና አጠገቧ የነበሩትን አሮጊት ደግፋ አስነሣች። “ሽማግሌዎቹን አስቀድሙ” አለች። ሰው ሁሉ ተከተላት።

የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዳር ላይ ሲወጡ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ መጣ። ቡናማው ውሃ ወንበሩንም፣ ድንኳኑንም፣ ድስቱንም ጠርጎ ወሰደ። ሰው አልጎደለም። ሊበን የወንዙን መከላከያ ግንብ ተደግፎ የወጡትን ሰዎች ደጋግሞ ቆጠረ።

ሦስት ቀን ቄሱ ከቤት አልወጡም። በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጡ ነበር። በአራተኛው ቀን ሳሕራ መጣች። የቀረበላትን ሻይ አልነካችውም።

“ነግረውን ቢሆን እናቴ ትወጣ ነበር?”

“አላውቅም ልጄ። እኔ ግን አልነገርኳትም።”

አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። እሳቸውም ሊያባብሏት አልደፈሩም።

“አሁን ይቅር ብያለሁ ማለት አልችልም” አለች በመጨረሻ። “ጊዜ ይስጡኝ።”

“ውሰጂ።”

ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። “የሚደውልልዎትን ሰው ቁጥር ይንገሩኝ። እርስዎ ከእንግዲህ መሮጥ አይችሉም።”

በዚያ ክረምት ቢሌ ሁለት ጊዜ ደወለ። ሁለቱንም ጊዜ ወንዝ ዳር ቀድማ የደረሰችው ሳሕራ ነበረች፤ ቄስ ወልደጻድቅም በዝግታ እየተራመዱ ከኋላዋ ደረሱ።